ማን ልበል?

«ማን ልበል?» የምትለዋን ጥያቄ የእኔን ያህል የደጋገመ ሰው ካለ የድሮ ስልክ ቤት ሠራተኛ መሆን አለበት። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ጨርሼ ቤት በተጎለትኩበት ሰሞን፣ አጎቴ የሚያውቃቸው አንድ ሰው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ መግቢያ ላይ ኢንተርኔት ቤት ከፈቱና «ኮምፒውተር የሚነካ ልጅ» ማፈላለግ ያዙ። እኔ ኮምፒውተር ነክቼ አውቃለሁ። ከመንካት አላለፍኩም እንጂ ነክቻለሁ። ተቀጠርኩ።

ቤቱ ቀድሞ ልብስ ስፌት ነበር፤ ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ መርፌና ቁልፍ እስከ መጨረሻው ድረስ ስንለቅም ኖረናል። አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር፣ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮች። ጠዋት መስመሩን ስሞክር ሞደሙ መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ እንደ ጉንፋናም ሰው ያንኮራፋል፤ ድንገት ጸጥ ሲል «ገባ!» ብዬ እጮኻለሁ። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። እኛ ቤት ግን በየማለዳው እንደ አዲስ ነበር የሚገባው።

ደቂቃው 50 ሳንቲም ነው። የማውዙን ሆድ ከፍቶ ኳሷን በአልኮል መጥረግ፣ ከኪቦርዱ ላይ የጠፉትን ፊደሎች በእህቴ የጥፍር ቀለም መልሶ መጻፍ፣ መብራት ሲሄድ የደንበኛ ቁጣ መቀበል የእኔ ድርሻ ነው። ዋናው ሥራዬ ግን «ኢሜይል ማውጣት» ነበር። ሰዉ እንደዚያ ነበር የሚለው፤ ማውጣት፣ ልክ እንደ ቀበሌ መታወቂያ። ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘው የመጡም አሉ። ጉዳያቸው ተመሳሳይ ነው። አሜሪካ ወይ ቤይሩት ወይ ጅዳ ያለ ልጅ ደውሎ «ስልክ ውድ ነው፤ ኢሜይል አውጡና እንጻጻፍ» ብሏቸዋል። 10 ብር ከፍለው ከጎኔ ይቀመጣሉ። እኔም ቅጹን እየሞላሁ እዚያች ሳጥን ላይ ስደርስ ዞር ብዬ «ማን ልበል?» እላለሁ።

ስማቸውን ይነግሩኛል፤ እጽፋለሁ። ማሽኑ «ተይዟል» ይላል።

አንድ ጡረተኛ ነበሩ፤ ኮታቸውን ግጥም አድርገው የለበሱ፣ ሚስታቸውን ከጎናቸው ያስቀመጡ። «ተይዟል» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ሳልሞት ማን ነው ስሜን የወረሰው?» አሉኝ። ማሽኑ ስማቸው ላይ አራት አኃዝ ጨምሮ ሌላ አማራጭ አቀረበ። «እስረኛ ነኝ እንዴ ቁጥር የሚሰጠኝ?» አሉ። እኔም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዚያም ለሰባት ዓመት ያህል የደጋገምኳትን ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «ሌላ የሚጠሩበት ስም የለም?»

ሰው የሚለወጠው እዚህች ላይ ነው። አዛውንቱ በሩን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ሚስታቸውን ግን አላዩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽቦ» አሉ። በልጅነታቸው ቀጭን ነበሩ፤ የሰፈር ኳስ ሲጫወቱ በማንም መሀል ያልፉ ነበር፤ ሽቦ ያላቸው አብሮ አደጋቸው ደግሞ አሁን ኢሜይል የሚልኩለት የካናዳው ሰውዬ ነው። ሽቦ አልተያዘም ነበር። ሚስታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ትዳር አልሰሙትም። ሲወጡ በሩ ላይ «ሽቦ፣ ቀስ ብለህ ውረድ» ሲሏቸው ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። የአዲስ አበባ ልጅ ሁለተኛ ስም የሌለው የለም። ግማሹ አቡሽ ነው፣ ግማሹ ማሙሽ፤ ሴቶቹ ሚሚና ሚጡ። ስለዚህ አቡሽ ሁሌም የተያዘ ነው፤ አቡሽ ላይ ቁጥር፣ ቁጥሩ ላይ ሰረዝ፣ ሰረዙ ላይ ሌላ ቁጥር። የቀረው ደግሞ በቁልምጫ ይሄዳል፤ ጌታቸው ጌች፣ አብርሃም አብርሽ፣ ትዕግሥት ቲጂ። የአርሴናል ደጋፊ የሆነ ሁሉ ስሙ ላይ የሄንሪን 14 ይለጥፋል። አንዱ ግን 11 አለኝ። የየትኛው ተጫዋች እንደሆነ ስጠይቀው በንቀት አየኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ደረቱ ላይ የነበረው ቁጥር ነው። አፈርኩ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሌላው ጣጣ ፊደሉ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚሉት ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነበር፤ የእኛ ዊንዶውስ 98 ግን ወሬውን አልሰማም። የአማርኛ ገጽ ሲከፈትለት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፊደል ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዓመት ሳጥን አንብበናል። ስም ሁሉ በላቲን ነው የሚጻፈው፤ በላቲን ደግሞ ቆንጆ ኮንጆ ናት፣ ጠጅ ቴጅ ነው፣ ፀሐይን ለመጻፍ ሁለት ሦስት ሰው መማከር አለበት። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሚጽፍ እናት ለልጇ የላከችው አድራሻ አንድ ፊደል ስቶ ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል። አድራሻ በስልክ ሲነገር ደግሞ «ኤም እንደ ማርያም፣ ኤን እንደ ነጋሽ» እየተባለ ነው። መሀሏ ላይ ያለችውን የተጠቀለለች ምልክት አንዲት እናት «ያቺ ጆሮ የምትመስለው» ሲሏት ሰምቼ እኔም ስሟን ጆሮ አልኳት። እስከ ዛሬ ስጽፋት በሆዴ ጆሮ ነው የምላት።

አንድ ቀን ከአምቦ የመጣች የኮሌጅ ተማሪ ጎኔ ተቀመጠች። «ማን ልበል?»

«ጫልቱ።»

«ሲ ኤች» ብዬ ስጀምር እጄን ያዘችው። «ሲ ብቻ።»

«ካልቱ ተብሎ ይነበባላ!»

«ማን ነው የሚያነበው?» አለችኝ። ከዚያ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት፣ በቁቤ «ሲ» ማለት ጨ እንደሆነ፣ «ኤክስ» ጠ፣ «ኪው» ቀ እንደሆነ ነገረችኝ። ኤዋን ሁለት ጊዜ፣ ዩዋን ሁለት ጊዜ አስመታችኝ። ገባ! አንደኛው ሙከራ ላይ፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ሰረዝ። እኛ የአማርኛዎቹ ጠ እና ተን ሳንለይ ስንደናበር እሷ ስሟን አስተካክላ ጽፋ፣ ማንም ሳይቀድማት ይዛ ወጣች። በዚያ ቤት ቁጥር ሳይለጠፍበት ስሙን ያገኘ ሌላ ሰው ትዝ አይለኝም።

ስለ ቁጥር ካነሳን የትውልድ ዘመኑን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቅጹ ዓመተ ምሕረት ይጠይቃል፤ የማን ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ግን አይልም። በ1978 የተወለደ የ16 ዓመት ልጅ እንዳለ ሲሞላው ማሽኑ ዘንድ የ24 ዓመት ጎልማሳ ይሆናል። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይመዘገብም የሚለው ሕግ ዶሮ ማነቂያ ላይ ሳይሠራ ቀረ፤ የሰፈሩ ማቲ በሙሉ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አካለ መጠን ደርሶ ገባ። ጉዳትም ነበረው። አንዷ ደንበኛችን ሚሚ ላይ 74 ብላ ጨምራ ነበር። አሜሪካ ያደገው ወዳጇ ቁጥሩን በእነሱ አስልቶ «ዕድሜሽን ደብቀሽኛል» ብሎ ሁለት ወር አኮረፈ። ጳጉሜን ምን እንደሆነች ጭምር ያስረዳሁት እኔ ነኝ፣ በየደቂቃው 50 ሳንቲም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የእናት ስም ጉዳይ ነው። ይለፍ ቃል ለጠፋበት ሰው ማረጋገጫ የሚሆን ጥያቄ አለ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ «እናትህ ከማግባቷ በፊት የቤተሰብ ስሟ ማን ነበር?» ይላል። ለፈረንጅ ይሠራ ይሆናል። አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰው በዚያው ነጠላቸው የመጡ፣ ጥያቄውን ስተረጉምላቸው ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ከማግባቷ በፊትም ካገባች በኋላም ያው ራሷ ናት። ባሏ ስም አይሰጣት!»

«እሱስ ልክ ነው እማማ፤ ብቻ የእናትዎን ስም ይንገሩኝና ልጻፈው።»

«ምን ያደርግለታል?»

«ፓስወርዱ ሲጠፋብዎ እርስዎ መሆንዎን የሚያውቅበት ነው።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው «የእናት ስም ሲጠይቅ የማውቀው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው» አሉኝ። ነገሩ ገባኝ። አያቴም የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር ትመክረኝ ነበር፤ የክርስትና ስምህን ከነእናትህ ስም ያገኘ ደብተራ የፈለገውን ይሠራብሃል ነው የሚባለው። እንግዲህ ይህ ማሽን አንደኛውን ስም ወስዷል፣ አሁን ደግሞ የእናት ስም አምጡ ይላል። «ቀጥሎ የክርስትና ስሜን በለኛ!» አሉ። እኔ መሳቅም መከራከርም አቃተኝ። ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። «ሔዋን በለው። የሁላችንም እናት እሷ ናት፤ ከፈለገ እሷን ያግኛት።»

ሔዋን ብዬ ጻፍኩ። እኔ የሠራኋቸውን መቶ ምናምን አድራሻዎች ሁሉ ሳስብ ከዚህ የበለጠ የተጠበቀ አልነበረም። ወጣቶቹማ «የመጀመሪያ ውሻህ ስም» የሚለውን እየመረጡ ነበር፤ ያኔ በእኛ ሰፈር ውሻ ሁሉ ቡቺ ነው። ማንም ሰው የማንንም ደብዳቤ መክፈት ይችል ነበር ማለት ነው። ተከፍቷልም፤ ግን ያ ሌላ ታሪክ ነው፣ እጄ ስለነበረበት አልፈዋለሁ።

ከስድስት ኪሎ የሚመጣ አንድ የታሪክ ተማሪ ነበር፤ ሂሳቡን በዱቤ የሚያደርግ፣ ዕዳውን በወሬ የሚከፍል። ዩዘርኔም የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም ባይ ነው። «የፈረስ ስም ምን መሰለህ?» ይለኛል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰውዬው በጦር ሜዳ በተወለደበት ስም አይጠራም፤ በፈረሱ ነው። የጅማው ንጉሥ እንዲያውም ስማቸው ራሱ አባ ጅፋር ሆኖ ቀርቷል፤ ጅፋር ፈረሱ ነው። ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ ለራሱ ምን ልበልህ ስለው ችግር መጣ። ፈረስ የለውም። ፈረስ ሳይኖር የፈረስ ስም ማውጣት ውሸት ነው ብሎ ሃያ ደቂቃ አሰበ፤ በዱቤ ስለሆነ ግድ አልሰጠውም። በስተመጨረሻ በየቀኑ የሚሳፈረው ነገር ትዝ አለው። አንበሳ አውቶብስ። አባ አንበሳ ተብሎ ተመዘገበ። ስሙን ብቻ የሚያዩ ሰዎች የትኛው ጀግና ይሆን ይሉ ነበር፤ እኔ ግን በሦስት ቁጥር ትኬት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

እኔስ? ስለ ሰዉ ስም ይህን ያህል ካወራሁ የራሴን መደበቅ አይገባኝም። ዕድሜዬ 19 ነበር። አያቴ ምትኬ ትለኝ ነበር፤ ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድሜ በሕፃንነቱ ስለሞተ። የሰፈር ልጆች ደግሞ ሌላ ይሉኝ ነበር፣ እዚህ የማይጻፍ። ሁለቱንም ጠልቼ፣ ማንም ያላወጣልኝን፣ ራሴ የማወጣውን ስም ፈለግኩ። «ፕሪንስ ኦፍ ፒያሳ»። በመሀሉ ሁለት ሰረዝ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ቁጥር፤ ለካ ከእኔ በፊት ሌላ የፒያሳ ልዑል ኖሯል። ያሁ ሜሴንጀር ላይ ስበራ የሆነ ዘውድ የጫንኩ ይመስለኝ ነበር። ባዝ የሚሉት ነገር ነበረው፤ ስትነካው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው መስኮት ይንቀጠቀጣል። ልዑሉ መሽቶ ሂሳብ እስኪዘጋ ድረስ የሰው መስኮት ሲያንቀጠቅጥ ያመሻል።

በ1999 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ያሉት ሴትዮ የሕይወት ታሪኬን አገላብጠው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ኢሜይሌን ፊደል እየቆጠሩ አነበቡት። «ፕሪንስ… ኦፍ… ፒያሳ።» ከዚያ ቀና ብለው «ልዑልነትዎ ምን ያህል ደሞዝ ይጠብቃሉ?» አሉኝ። የሚጠጣ ውሃ ነበር፤ ጠጣሁት። ሥራውን ሌላ ሰው አገኘው።

ወደ እታለም ልምጣ።

እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ ሴት ነበሩ። ወደ እኛ የመጡት በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ዲቪ በወረቀት መሞላቱ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ የሆነበት፣ ሰልፉ ከበራችን አልፎ ሥጋ ቤቱ ደጅ የደረሰበት ሰሞን። ያን ሁሉ ወረፋ ጠብቀው ሲደርሱ እኔ «የዲቪ ፎቶ ይዘዋል?» አልኳቸው። አልያዙም። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ኢሜይል አውጪ ብላቸዋለች።

«ማን ልበል?»

«እታለም በል።»

«ስምዎ ነው?»

«ስሜስ ሌላ ነው። ልጄ በሱ ጠርታኝ ስለማታውቅ ብትጽፍላት ማን ናት ትላለች።» ልጅቷ ያደገችው በአያቷ ቤት፣ በአክስቶቿና በአጎቶቿ መሀል ነው። እነሱ ታላቃቸውን እታለም ይሏታል፤ ሕፃኗም የሰማችውን ያዘች። እማዬ ብላ አታውቅም። እንደዚህ ያለ ቤት ብዙ ነው፤ እናት እቴቴ ወይ እታበባ የምትባልበት፣ ስሟ ለቀበሌና ለዕድር ብቻ የሚያስፈልግበት።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በላቲን አማርኛ እመታለሁ። እጃቸው ላይ የእርሾ ሽታ አለ፤ ኪቦርዱን እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ ጣታቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። የሚናገሩት ብዙ ነው። የጎረቤት ዶሮ እየገባች ጤፉን እንደበተነችው፣ ባለቤቷ ስትከሰስ ዶሮዋ የእኔ አይደለችም እንዳለች፣ ከዚያ ያቺው ዶሮ ለፋሲካ ታርዳ በዚያው ቤት እንደተበላች። እኔ ደግሞ ሰዓቱን አያለሁ። ገንዘባቸውን ላድንላቸው ብዬ ነው፤ ስንፍናም አለበት። «ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺ እንዴት ነሽ» ብዬ እልካለሁ።

«ሁሉንም ጻፍከው?»

«ሁሉንም።»

«ጎሽ ልጄ።»

ሐምሌ 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊባኖስ ውስጥ ጦርነት ተነሳ። በማግስቱ የቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ተደበደበ፤ በቴሌቪዥን አየነው። እታለም ቅዳሜን ትተው በየቀኑ መምጣት ጀመሩ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ጋቢያቸው ጫፉ ጭቃ ነክቶ፣ ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አቁመው፣ ደንበኛ በማይፈልጋት እግሯ በተሰበረችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ እከፍታለሁ፤ የለም። ሻይ አዝዝላቸዋለሁ፤ አይጠጡም። ባለቤቱ ጋሼ፣ ሳንቲም የማይለቁት ሰውዬ፣ «የእሳቸውን ሂሳብ አትቁጠር» አሉኝ።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ሳጥኑን ስከፍት አምስት አዲስ ነገር አለ። ያኔ «ስዊት» እና «ኤንጅል» ከሚሉ ስሞች የሚመጣ ቆሻሻ መልእክት በያይነቱ ነበር፤ እኔ ሳላነብ ምልክት እያደረግሁ በጅምላ እሰርዝ ነበር። አምስቱም ላይ ምልክት አደረግሁ። አራተኛው የላከው «ስዊት ኤንጅል 77» የሚባል ነው። ጣቴ ማውዙ ላይ ሊወርድ ሲል ዓይኔ በርዕሱ ላይ አረፈ። ስድስት ፊደል። ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤም።

እታለም የሚለውን ስም በዚህ ዓለም ላይ በዚያ አድራሻ ሊጽፈው የሚችል አንድ ሰው ነው።

የራሷን ማስገባት ስላቃታት በጓደኛዋ አድራሻ ነበር የጻፈችው። ሁለት መስመር ብቻ ነው። ደህና ነኝ፤ ማዳም ይዛን ተራራ ላይ ያለ ዘመድ ቤት ሄደናል፤ ስልክ አይሠራም። አነበብኩላቸው። ደግሜ አነበብኩ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። «ስሜን ጽፋዋለች?» አሉኝ።

«አዎ።»

«የት ጋ?»

አሳየኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ከፊደሎቹ ሥር አሳረፉ። የዱሮ ስክሪን ነው፤ ሲነኩት ቃቅ ይላል። አልደነገጡም። ጣታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ወሰዱና «ይኸው ነው እታለም?» አሉ።

«ይኸው ነው።»

«አጭር ነው» አሉ።

ልጅቷ በ2000 ዓ.ም. ለፋሲካ መጣች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ነው። አንዲት ወፈር ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች ሴት በሩ ላይ ቆማ አራቱንም ኮምፒውተር፣ ከዚያ እኔን አየች።

«እታለም አንተ ነህ?»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«እናቴ ‹ደህና ነን› ብላ በአንድ ቃል የተናገረችበት ቀን የለም» አለችኝ። «ከጎረቤት ዶሮ ነው የምትጀምረው። ገና በመጀመሪያው ወር ሌላ ሰው እንደሚጽፍልኝ አወቅሁ። ዶሮዋን ምን አደረግካት?»

አራቱም ወንበር ላይ ያሉት ሳቁ፤ ጋሼም ከጀርባ ሳቁ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ቁጭ አለችና በዚያው በእናቷ ወንበር ላይ፣ ከአራት ዓመት በላይ የቆራረጥኩትን ሁሉ ከእናቷ ሰምታ ስለነበር፣ ዶሮዋን ከጤፉ ጀምራ እስከ ፋሲካው ድስት ድረስ ተረከችልኝ። ሂሳብ አልቆጠርኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ወጣ። «እታለም፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ!» «እታለም፣ አምስት ደቂቃ ጨምርልኝ!» መጀመሪያ ልጆቹ ናቸው የያዙት፤ ከዚያ ሱቁ፣ ከዚያ ሥጋ ቤቱ፣ በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ልዑል በሉኝ ብዬ የለመንኩት ሰፈር በአንድ ከሰዓት በኋላ የሴት ስም ሰጠኝ። ተናደድኩ፣ ተጣላሁ፤ ተጣልቼ ሲያቅተኝ ለመድኩት። አባ አንበሳ ዱቤውን ሳይከፍል ተመርቆ ሲሄድ በወረቀት ላይ «የማከብርህ እታለም» ብሎ ፈርሞልኝ ነው የሄደው።

እኔ በ2001 ወጣሁ። ልዑሉ ይለፍ ቃሉ ጠፍቶበት እዚያው ቀረ፤ ያሁ ሜሴንጀር ራሱ እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ተዘጋ። ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ባለፈው ጊዜ ሳልፍ ሥጋ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር ለልጄ ላሳየው ሞክሬ አልቻልኩም። አሁን ቴሌግራም ላይ በሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ ነው የምገኘው፤ ፎቶዬም ክራባት ያሰረ ነው።

እታለም ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ልጃቸው ጅማ ነው ያለችው፣ ትዳር ይዛ። በዓል በመጣ ቁጥር ትጽፍልኛለች፤ በዚህ ዓመት እንቁጣጣሽም ጻፈች፣ አሁን በራሳችን ፊደል ነው፣ ሳጥን የለ፣ ላቲን የለ። «እታለም፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ?» ትላለች።

ቢሮ ነበርኩ፤ ሥራ ተቆልሏል። ደህና ነን ብዬ ልልክ «ደ» ላይ ጣቴን ካሳረፍኩ በኋላ መልሼ አጠፋሁት። ግቢያችን ውስጥ ዶሮ የለም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ድመት አለቻቸው፣ በረንዳ ለበረንዳ እየዘለለች የሰው ወጥ ክዳን የምትከፍት። ከእሷ ጀመርኩ።